ከድሬዳዋ ለአረፋ የመጣው ትኩሳት

ለመምህርነት ቡታጅራ ስመደብ እናቴ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ «የማን ቤት እንደሆነ ሳትጠይቂ ሻንጣሽን እንዳታወርጂ» ብላኝ ነበር። ጠየቅሁ። ያከራዩኝ የመስቃን ሙስሊም እናት ናቸው፤ ጓሯቸውን በእንሰት የሞሉ። እኔ ለኪዳን ስወጣ እሳቸው ሰግደው በረንዳው ላይ ያገኙኛል። «ለእኛም ጸልዪልን» ይሉኛል። «እርስዎም ዱዓ ያድርጉልኝ» እላለሁ። እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ።

በዚህ አገር አረፋ ማለት የልጅ መምጫ ነው። አዋሳም ይነግድ ጅማ፣ ሰው ሱቁን ዘግቶ ይገባል። ዋዜማው የሴቶች አረፋ ነው፤ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ቅቤው የዚያን ቀን ነው። በማግስቱ የወንዶቹ ነው፤ በሬ ይወድቃል። ባላቸው በሞቱበት ዓመት እናትየዋ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቀን ይቆጥሩ ነበር። አባት ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው አረፋ ስለሆነ ቢላውን የሚይዘው ድሬዳዋ ጫማ የሚነግደው የበኩር ልጃቸው ነው።

ልጁ መጣ፤ ግን ከመኪና ወርዶ ሲገባ ግድግዳ ይዞ ነበር። ፊቱ በርበሬ መስሏል። አክስቱ ገና ከበር፣ «አይ የድሬ ሰው! የአገርህን ብርድ መቻል አቃተህ?» ብላ ሣቀችበት። እሱም ለመሣቅ ሞክሮ ፍራሽ ላይ ወደቀ።

«አጥንቴን የሰበሩኝ ነው የሚመስለኝ፤ ዓይኔንም ከኋላ የሚገፋው ነገር አለ» አለኝ።

በማግስቱ የሴቶች አረፋ ነበር። እናትየዋ እጃቸው በቅቤ እንደተነከረ፣ «ልጄ፣ አንቺ ውሰጅልኝ፤ ወባ ይሆናል» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድሁ። ባለሙያዋ ጎበዝ ናት፤ ሰው ተሰልፎባት እንኳ አልተቆጣችም። «የት ነው የምትኖረው?» አለችው።

«እዚሁ ነኝ፤ መስቃን።»

ደሙ ታየ። ወባ የለም። ታይፎይድ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚዋጥ ነገር ታዘዘለት። ስንወጣ፣ «ድሬዳዋ አይደለም እንዴ የምትኖረው?» አልሁት።

ቆም ብሎ አየኝ። «ቲቸር ደግሞ! ድሬ እኮ ሥራ ነው። የምኖረውማ እዚህ ነው።»

እኔም መኖሪያሽ የት ነው ሲሉኝ ማርቆስ ነው የምለው። ለባለሙያዋ ልነግራት አልተመለስሁም።

መንገድ ላይ መድኃኒት ቤት ገባ። «ነገ በሬ ፊት ነው የምቆመው፤ ዲክሎ ውጉኝና ያቁመኝ» አለ። ኪኒን አላመነም፤ እዚህ ሰው መርፌ ካልቀመሰ የታከመ አይመስለውም። ማስታገሻውን ተወጋ። እውነትም ከሰዓት በኋላ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ቆጮ በአይብ በላ፤ አክስቱንም መልሶ ተረባት። እናትየዋ «አልሐምዱሊላህ፣ ወባም የለበት» እያሉ እንግዳ ይቀበሉ ጀመር። እኔም ተመስገን አልሁ።

በነጋታው ጧት ልብስ ላሰጣ ብወጣ ለሶላቱ ውዱእ ሲያደርግ አገኘሁት። ተጉመጥምጦ የተፋው ውኃ ቀይ ነበር። ደግሞ ተጉመጠመጠ፤ አሁንም ቀይ። እጅጌውን ወደ ላይ ስቦት ስለነበር ክንዱን አየሁት፤ በመርፌ ጫፍ የተነቀሰ ይመስል ጥቃቅን ቀይ ነጥብ አውጥቷል።

«ድዴ ነው» አለኝ ቀድሞኝ።

«ክንድህስ?»

ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ቀነሰ። «እኛ ሱቅ አጠገብ ያሉትም እንዲህ አድርጓቸዋል። ደንጌ ይሉታል፤ ከትንኝ ነው አሉ። አንደኛው ሆስፒታል ነው የተኛው። ቲቸር፣ በእመቤትሽ፣ ለእማ እንዳትነግሪብኝ። ይህን ሁሉ ዘመድ አታይም? በሽታ ይዞ መጣ ከተባለ በእኔ እጅ የታረደውን ማን ይበላል?»

ግቢው ሙሉ ነው። በሬው ዛፍ ሥር ታስሯል። በእመቤቴ ለምኖኛልና ቃሌ ከበደኝ። በልቤ «እመ ብርሃን፣ አንቺም እናት ነሽ» አልሁና በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባሁ።

እናትየዋ እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም። ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወጡና ወንድማቸውን ጠሩት። «ቢላውን አንተ ያዝ።»

«ልጁ እያለ?» አለ አጎት።

«ልጁ እንዲኖር ነው። ባጃጅ ጥሩልኝ!»

እኔ ከባጃጁ አንድ ጎን፣ እሳቸው ከሌላው ሆነን መኻል አድርገነው ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው። እሱም ትኩሳቱን ካየ በኋላ፣ «የት ነው የምትኖረው?» አለ።

ልጁ አፉን ከፈተ። እናቱ ቀደሙት። «ድሬዳዋ ነው። ልጄ የሚኖረው ድሬዳዋ ነው» አሉና አንገታቸውን ደፉ። እኚህ ሴት ያን ቃል እስከዚያ ቀን ለማንም ብለውት እንደማያውቁ ፊታቸው ይናገር ነበር። «ለበዓል ብቻ ነው የሚመጣልኝ።»

ሐኪሙ ጥያቄውን እንደ አዲስ ጀመረ። ድሬ ሌላም ሰው ታሟል ወይ? ምን ወሰደ? መርፌውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ዲክሎ ሁለተኛ እንዳይወጋ። ደንጌ ከሆነ ደም ያፈስሰዋል።» ልጁን አስተኝቶ ግሉኮስ ሰካለት፤ ደሙንም እየደጋገመ አስመረመረ። እናትየዋ ከአልጋው ሥር ሆነው፣ «በመብል ይተላለፋል ወይ? አብረነው በልተናል» ብለው ጠየቁት። «አይተላለፍም እናቴ፤ በትንኝ ነው እንጂ በእጁም በመብሉም አይደለም» አላቸው። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ወጣሁላቸው።

ጥቂት ቀን አስጨነቀን፤ ከዚያ ድዱ መድማቱን ተወ። ደሙ ለማረጋገጫ ወደ አዲስ አበባ ይላካል ተብሎ ነበር። ይላክ አይላክ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እንግዲህ በየበዓሉ ስንቱ ነው «ወባ የለብህም» ተብሎ ደስ ብሎት የሚመለሰው? ስንቱ ነው ሳይታወቅለት በእናቱ ጓዳ የሚማቅቀው? ቤተ ክርስቲያን «ስለ ድውያን» ሲባል አሁን ስማቸው ያልታወቀላቸውንም አስባለሁ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ጉልበቱ ሳይጸና ብዙ ከረመ፤ ደረጃ ሲወጣ እንደ ሽማግሌ ያቃስት ነበር። ሱቁን ግን ሊተው አልቻለም። ሊሄድ ሲል እናቱ አዲስ አጎበር ገዝተው ሻንጣው ውስጥ ከተቱ።

«እማ፣ ይህቺ ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው አሉ። ሱቅ ውስጥ አጎበር ለብሼ ጫማ ልሽጥ?»

«ለብሰህ ሽጥ!»

«ሙሽራ መስለህ ገበያ ይደራልሃል» አለች አክስት።

ትንኟ የምትፈለፈለው በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯቸው ነበር። ድሬ ደግሞ ውኃ ስለሚቆራረጥ ሰው ሁሉ በበርሜል ያጠራቅማል። አሁን ስልክ ሲደውል በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። ቀድሞ ሰላምታቸው ረጅም ነበር፤ ከብቱም ጎረቤቱም ይነሣ ነበር። ዛሬ ገና «አሰላሙ አለይኩም» ሲላቸው፦

«ወአለይኩም ሰላም። በርሜሉን ከደንከው?»

«ከድኛለሁ እማ።»

«ሂድና እይ። እጠብቃለሁ።»

እሱ ሄዶ እስኪመለስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ይጠብቃሉ።