ሳልተረጉመው ያለፍኩት ጥያቄ

ጦርነቱ ሳይበትነን ካርቱም ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ያፈራሁት ሀብት ቢኖር ዐረብኛዬ ነው። ሰው ቤት ተቀጥሬ ጀመርኩ፣ በኋላ ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ ቢሮ አጸዳ ነበር፤ ምላሴ ግን ከሥራዬ ቀድሞ አደገ። ቋንቋው ያልገባት የአገሬ ልጅ ስትታመም ትጠራኛለች፤ እኔም ሻሼን አስተካክዬ፣ ጫማዬን ቀይሬ ሐኪም ዘንድ አብሬያት እገባለሁ። ሐኪሞቹ «የት ተማርሽው?» ሲሉኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። አሁን የምነግራችሁን ነገር ያደረግኩት ቋንቋው ጠፍቶብኝ አይደለም። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ልጅቷ የወሎ ልጅ ናት። እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ባሏ ዘንድ ሄዳ ጁምዓን አብራው ትውላለች። «እትዬ» ነበር የምትለኝ። ያን ያህል አላረጀሁም ብላትም አልሰማችኝም።

ሐኪም ቤቱ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ነው። ከሐፍላው፣ ከአውቶቡሱ ወርደን በእግራችን ስንሄድ ድንገት ቆመች።

«እዚያ ከገባሁ አፌን ስለማልከፍት አሁኑኑ ልንገርዎት» አለችኝ። «ሆዴ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል። አሠሪዬ፣ መዳሟ፣ ጮክ ብላ ከጠራችኝ ሩጫዬ ወደ ሽንት ቤት ነው። የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ይብሳል። ይሄስ ይሁን። ጭንቁ ባሌ ሲቀርበኝ ነው። ሆዴ መጮህ ይጀምራል። የሆነ ነገር ቢያመልጠኝስ ብዬ ሰውነቴ በሙሉ ይደርቃል፤ ሲነካኝ ያመኛል። ፍላጎቱም ከጠፋ ቆየ። ‹የወር አበባዬ ነው› እለዋለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ባለፈው ‹በወር አራቱንም ሐሙስ የወር አበባ የት አገር ነው?› አለኝ። ‹ጠልተሽኛል፣ እፈታሻለሁ› እያለ ነው። እትዬ፣ ሐኪሟን ይጠይቁልኝ። ይሄ በሽታ ነው ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው?»

አራቱ ሐሙስ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። አልሳቅኩም፤ ሰበቧን አውቀዋለሁና። የእኔም ሆድ እንደሷ ነው። እኔም ባል ነበረኝ፣ ለስንት ዓመት ያቺኑ ሰበብ ስደጋግምለት ኖሬ አንድ ቀን ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ፤ ሌላ አገባ። ለጠየቀኝ ሁሉ «አመሉ አልቻል አለኝ» እላለሁ። ሰውዬው ግን አመሉ ደህና ነበር።

ዱክቶራዋ ረጋ ያለች ሴት ናት። የምርመራውን ወረቀት አገላበጠች፣ የልጅቷን ሆድ ዳሰሰችና «ቆሎን ዐሰቢ» አለች። ሰው ሲጨነቅ የሚነሳውን የአንጀት ሕመም እዚያ እንዲህ ነው የሚሉት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ጠይቂልኝ። በወር አበባዋ ሰሞን ይብስባታል? ከባሏ ጋር ስትሆንስ? ያማታል? ትሸሸዋለች?»

በዚያች ሰዓት አንድ ሠራተኛ ፋይል ሊያቀብል በሩን ከፍቶ ገባ። በሱ ማሳበብ እችላለሁ፤ ግን ወዲያው ወጥቷል። ፊቴ ጋለ። ጥያቄው የቀረበው ለእኔ፣ ስለ እኔ መሰለኝ። ያንን ነገር በአፌ ካወጣሁት ሐኪሟ ገና ከድምፄ የምታውቅብኝ መሰለኝ።

«ላ ያ ዱክቶራ፤ ከባሏ ጋር ኩወይስ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ ደህና ናቸው ማለቴ ነው። ወደ ልጅቷ ዞሬ ደግሞ «ስለ ምግብ ነው የጠየቀችኝ» አልኳት።

ልጅቷ አንዴ አየችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ፉልና በርበሬ እንድትቀንስ ተነገራት፣ የቁርጠት መድኃኒት ተጻፈላት፣ ወጣን። በመንገድ ላይ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እኔም ከነውር አዳንኳት ብዬ ዝምታዋን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሥራ ስወጣ ባሏ ዐማራት መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ሰው ነው።

«ሐኪሟ ዘንድ አብረው የገቡት እርስዎ ነዎት» አለኝ። «በሽታ ከሆነ እታገሣለሁ። ከጠላችኝ ግን በግድ አላኖራትም፣ በዚህ ጁምዓ እፈታታለሁ። ሐኪሟ ስለ እኔና ስለ እሷ ያለችው ነገር አለ?»

አሁንም ፊቴ ጋለ። «የለም። ስለ ሆዷ ብቻ ነው» አልኩት። በአንድ በኩል እውነቴን ነበር፤ ሐኪሟን ምንም እንዳትል ያደረግኳት እኔ ነኝ።

አመስግኖኝ ሄደ። ያንን ምስጋና ነው መሸከም ያቃተኝ። በማግስቱ አል-ጣኢፍ ሄጄ የቤቱን ደወል ደወልኩ። ልጅቷ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቷን እንዳጠለቀች ወጣች። እዚያው በሩ ላይ፣ እየተንተባተብኩ፣ ያደረግኩትንና ለምን እንዳደረግኩት ነገርኳት። የራሴን ሆድ፣ የራሴን ሐሙሶችም ነገርኳት።

«ሰምቼዎት ነበር እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዐረብኛ ባላውቅም ባል ምን እንደሚባል፣ ኩወይስ ምን እንደሆነ አጣዋለሁ እንዴ? እርስዎ እንኳን ካፈሩ ለሐኪምም የማይነገር ነውር ነው ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ይፍታኝ ብዬ ተቀምጫለሁ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁምዓ ሳይደርስ ባሏን ለምና አስመጣችውና ሦስታችንም ካርቱም ሁለት ሄድን። እሱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረ፣ እኛ ገባን። ለዱክቶራዋ ያለፈው መልስ የእኔ እንጂ የልጅቷ እንዳልነበረ ነገርኳት። ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «ዐይብ ዐለይኪ» አለችኝ፤ ነውር ነው ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። ከዚያ ጥያቄዋን ደገመችው፤ አሁን አንድም ቃል ሳላጎድል ለልጅቷ ነገርኳት።

ልጅቷ የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች ወደ እኔ ዞረች።

«መጀመሪያ የእርስዎን ይንገሯት» አለችኝ።

ያ የምኮራበት ዐረብኛ ከየት ይምጣ! ለራሴ ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር። እንደ ትናንት መጪ እየተደናቀፍኩ፣ «ያ ዱክቶራ፣ እኔም እንደሷ ነኝ። ባሌን ያጣሁት በዚህ ነው» አልኩ። ለልጅቷም በአማርኛ ደገምኩላት። ያኔ እሷ ጀመረች፣ እኔም ተከትዬ ተረጎምኩ።

ዱክቶራዋ እስከ መጨረሻው ሰማችን። ጭንቀቱ፣ የወር አበባው ሆርሞንና አንጀቱ እንደሚነካኩ፣ ሕመሙም የፍላጎቱ መጥፋትም ከዚያ ሊመጣ እንደሚችል፣ የሚረዳ ሕክምና እንዳለው፣ ባልን መጥላት እንዳልሆነ ነገረችን። ከዚያ «ባሏን ጥሪው» አለችኝ።

በሩን ከፈትኩ። አንገቱን ደፍቶ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«ግባ» አልኩት። «ባለፈው ዋሽቼህ ነው።»