ንጹሕ ሰሃን የሚያጥቡት ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ከምሳ በኋላ ሸለብ የሚያደርጋቸው አልጋቸው ላይ አልነበረም። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ያለች አንዲት ባለ ትራስ ወንበር ነበረቻቸው። ማሽኑን ይሞሉታል፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ። ውሃው መጀመሪያ ሽው ብሎ ይገባል። ከዚያ ውስጥ ያለው የውሃ መርጫ ክንፍ ቀስ ብሎ መዞር ሲጀምር፣ ሩቅ አገር ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። የሳቸውም ዓይን ያኔ ይከደናል።

ሚስታቸውም እንደዚያ ነበረች። ማሽኑን ልጃቸው የገዛችላት ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟት ውሃ መንካት ሲያቅታት ነው። መጀመሪያ ላይ "ራሴ ያላጠብኩት ሰሃን አያጠግበኝም" ብላ አኩርፋው ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ድምፁን ለመደችው። አጠገቡ ቁጭ ትልና፣ የጀመረችው ሹራብ ጭኗ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ከወጥ ቤቱ በር ማዶ፣ ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና ብለው ያይዋትና እግራቸውን ከመርገጫው ላይ ያነሱ ነበር። ለአንድ እንቅልፍ ሁለት ድምፅ ይበዛበታል ብለው።

እሷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭጭ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ሹካ። ለዚህ ማሽን እንደማያስፈልግ ልብስ ሰፊው አላጡትም። ስለዚህ ከመደርደሪያው የታጠበውን እያወረዱ፣ ንጹሑን መልሰው ያጥቡት ጀመር። ለማንም አልተናገሩም። እንዲህ ያለው ነገር ቢሰማ ሰው ሌላ ስም አያወጣለትም፣ ጃጁ ነው የሚለው።

ታዲያ አንድ ቀን ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ካልሲያቸው ርሷል። ወለሉን ወለወሉና ካልሲ ቀየሩ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከታችኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ በራቸውን አንኳኳች።

"ጋሼ፣ ጣራዬን አልቦታል" አለቻቸው። "ትኩሳቱን ልለካው ብል ቁመቴ አልደርስ አለኝ።"

ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ከጠብታው ሥር ሰሃን ደቅናለች፣ ለሳቸውም አዝናለች። ግን ደረጃ ላይ ልጃቸውን ስታገኛት ነገሩን ሳትነግራት አላለፈችም። ልጃቸው ሥራዋ የሕንፃ ቁጥጥር ነው። ቁጭ ማለት የማታውቅ፣ ሻይ እንኳ ቆማ የምትጠጣ ሴት ናት። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ደግሞ ስንት ወለል ሲበሰብስ አይታ ያወቀችው ነው። መጥታ ወለሉን በመዳፏ ዳበሰች፣ የአባቷን የሚያንሸራትት ጫማ አየች፣ ፊቷም ጠቆረ።

"አባዬ፣ አንድ ቀን ቢያዳልጥህስ? አንድ ሰሃን ነው ያለህ፣ ማሽን ምን ያደርግልሃል? እሁድ የሚያነሳው ሰው ይዤ እመጣለሁ።"

"እስከ እሁድ ግን የኔ ነው" ብቻ አሉ ልብስ ሰፊው። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ስቃ ወጣች።

ስለ ማሽን አያውቁም፤ ስለ ጨርቅ ግን ያውቃሉ። ከቁርጥራጭ ከረጢታቸው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫና ቡኒ መረጡ። ወለሉን ደረቅ አድርገው ቀዩን በግራው ማዕዘን፣ ሰማያዊውን በቀኙ፣ ግራጫውን መሃል ላይ ዘረጉ። ቡኒውን ደግሞ ቱቦው ከቧንቧው ጋር በሚገናኝበት ሥር አስቀመጡ። ማሽኑን አስነሱና ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ተኙ። ከዚያ ዝቅታ ላይ ዝናቡ ከመሬት በታች የሚዘንብ ይመስል ነበር። ሰማያዊው ደረቅ፣ ግራጫው ደረቅ፣ ቡኒውም ደረቅ። ቀዩ ብቻ ከጠርዙ ጀምሮ ቀስ እያለ ጠቆረ።

ማሽኑን አጥፍተው በሩን ከፈቱና ባትሪ አበሩ። በሩ ውሃ እንዳያስተላልፍ ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ፣ በግራ በኩል ከታች ጫፉ ላይ ከተገጠመበት ቦይ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከትከሻው እንደተተረተረ እጅጌ። ልብስ ሰፊው እጅጌ ሲገጠም በጉልበት እንደማይጎተት ያውቃሉ፤ እያባበሉ ነው የሚያስገቡት። በቦዩ ውስጥ የተጋገረውን ሳሙናና ቅባት በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው አደረቁት። ጎማውንም ሳይስቡ፣ ከላይ ወደ ጫፉ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ መለሱት። ቀዩ ጨርቅ ያን ቀን ደረቅ ዋለ፤ እሳቸውም በወንበራቸው ላይ ደህና ተኙ።

በማግስቱ ቀዩ ረጠበ። ጎማው እንደገና ወጥቷል። መለሱት፣ ወጣ። መለሱት፣ ወጣ። እንዲህ ሲሉ ቅዳሜ ደረሰ።

ልብስ ሰፊው በሩን እንደከፈቱት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ስፌት አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከተተረተረ ጥፋቱ የክሩ አይደለም፤ ልብሱን የሚጎትተው ነገር አለ። ምንድን ነው የሚጎትተው? ይህን እያብሰለሰሉ ሸለብ አደረጋቸው። ማሽኑ ሳይነሳ ዝናቡ መጣ። ሚስታቸው ጀርባዋን ሰጥታቸው ማሽኑ ፊት ጎንበስ ብላለች፤ በዚያ በታመመ እጇ ትልቁን ትሪ ይዛ፣ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።

"ማሽኑ ሊውጥሽ ነው" አሏት፣ ሁልጊዜ እንደሚሏት።

"ቢውጠኝ ንጹሕ ሆኜ እወጣለሁ" አለች ሳትዞር፣ ሁልጊዜ እንደምትመልሰው።

ነቁ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ክንዷ ግን ዓይናቸው ላይ ቀርቷል፤ ለምን ያን ያህል ይገባ ነበር? ትሪውን ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ ታስቀምጠው ነበራ። እሳቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ ትልቁን ቁራጭ መጀመሪያ፣ ወደ ራሱ በቀረበው ጠርዝ ያኖርና ትንንሹን በክፍተቱ ይሞላል። ማሽኑንም ሳያውቁት እንደ ጨርቅ ነበር የደለደሉት፤ ትሪውን ከፊት፣ የቀረውን ከኋላ። ጎማውን መልሰው ጣታቸውን ግራው ማዕዘን ላይ አድርገው በሩን በቀስታ ገፋ አደረጉ። የትሪው ከንፈር ጎማውን ነካው፣ ገፋው፣ ከቦዩ አወጣው።

ከአንጀታቸው ሳቁ፣ ብቻቸውን። ጎማውን መለሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ገብቶ፣ ትሪውን ከኋላ አቆሙት።

እሁድ ልጃቸው ጋሪ የሚገፋ ሰው አስከትላ መጣች። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ገና ትኩስ ነበር። ወለሉን ዳበሰች፤ ደረቅ ነው። ቀዩን ጨርቅ አነሳች፤ እሱም ደረቅ ነው። በሩን ስትከፍት እንፋሎቱ ፊቷን መታት። ሰሃኑ፣ ሲኒው፣ ብርጭቆው፣ የእናቷ ትሪ፣ ቤቱ ያለው ዕቃ በሙሉ ተደርድሯል።

"አባዬ፣ በዚህ ሁሉ ማን በላበት?"

ልብስ ሰፊው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ጠቀለሉ።

"ማንም አልበላበትም። ንጹሑን ነው የማጥበው" አሉ። "ድምፁን ስሰማ እናትሽ እዚህ የተኛች ይመስለኛል።"

ልጅቷ ጋሪ የያዘውን ሰውዬ በር ድረስ ሸኝታ ዝግ ባለ ድምፅ አነጋገረችው። ሰውዬው ባዶ ጋሪውን እያዞረ፣ የሱ ቤት ማሽን እንኳን ልታስተኛ ከነጎረቤቱ እንደምትቀሰቅሰው እያጉረመረመ ወረደ።

ተመልሳ መጣችና ራሷ ካላየች ፍሳሹ መቆሙን እንደማታምን ተናገረች። ዕቃውን ሁሉ አወጣች፣ ጎማውን ዙሪያውን ዳበሰች፣ መልሳ ደረደረች። ትሪው ላይ ስትደርስ ማንም ሳይነግራት ጎንበስ አለች፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገባ። ልብስ ሰፊው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቁልፉን ተጫነችና ቀዩ ጨርቅ ይረጥብ እንደሆነ ለማየት፣ ለአንድ አፍታ ብላ ባለ ትራሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊውም የጀመሩት ሱሪ ስለነበረ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ክር አስገቡ፣ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አደላደሉ፣ እግራቸውን መርገጫው ላይ አኖሩ። በበሩ በኩል ቀና ሲሉ፣ ያቺ ቁጭ ማለት የማታውቅ ልጅ አንገቷ ወደ ትከሻዋ አዘንብሏል፤ ስልኳ ከእጇ ተንሸራቶ ጭኗ ላይ አርፏል። ከማሽኑ ውስጥ ዝናቡ እየዘነበ ነው።

እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሱ።