እሁድ የሚብስ ወገብ

የመጀመሪያው ቀን ዶክተር ሰናይት አንድ እሽግ ካርድና ሁለት እርሳስ ሰጡኝና፣ «በየአምስተኛው ቤት ይግቡ። ተዘግቶ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ እንጂ ጎረቤቱን አይጠይቁ» አሉኝ። እኔ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ጠዋት አጸዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ካርዱን ይዤ እወጣለሁ። ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የመረጡኝ ጽሕፈቴ ትልልቅ ስለሆነ ለማንበብ አያስቸግርም ብለው ነው።

ዶክተሯ ቀድሞ ተስቦ ከቤት ወደ ቤት እንዴት እንደሚዛመት በወረቀት ያሰሉ ነበር። አሁን ደግሞ የጉለሌን ሸማኔዎች ወገብ ይዘው ተነሡ። የአከርካሪን መገጣጠሚያ እያስቆጣ፣ ቆይቶም አጥንቱን አጣብቆ ሰውን የሚያጎብጥ በሽታ አለ። ስንቱን እንደያዘና ወደፊት ስንቱን እንደሚያጎብጥ ከእኔ ካርድ ተነሥተው ሊገምቱ ነው። «ካርዱ ከተሳሳተ ስሌቱም ይሳሳታል» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ አንዱን የተዘጋ ቤት አራት ጊዜ ተመላልሼ አንኳኩቻለሁ።

«ወገብዎን ያምዎታል?» ስላቸው አንድ አዛውንት ከሸማ ጉድጓዳቸው ሳይወጡ፣ «ልጄ፣ ሸማኔ ነኝ እኮ። የማያመኝ ስሞት ነው» አሉኝ። ሌላውም እንዲሁ ይለኛል።

ዳና የሚባል ወጣት ሸማኔ ዘንድ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። መወርወሪያውን እየሳቀ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። «አሁን ደህና ነኝ፣ እትዬ» አለኝ። ደህና ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ የሸማኔዎች ማኅበር ሊቀመንበር መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ዳና ጠዋት ጠዋት ስለሚያረፍድ ከማኅበሩ ሊያስወጡት ነው። ከማኅበር የወጣ ደግሞ ክር አያገኝም።

«ታምሜ ነው ይላል። ካርዱ ምን ይላል?» አሉ።

ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው በማግኘቴ ኮርቼ አሳየኋቸው።

«ደህና ይላል። ስንፍና መሆኑን አውቄ ነበር» ብለውኝ ሄዱ።

በእኔ እጅ ጽሕፈት ሰው ሊባረር ነው።

በማግስቱ ማለዳ ዳና ቤት ሄድኩ። እናቱ አስገቡኝ። ልጁ ከመደቡ ሊነሣ ግድግዳውን ይዞ ይታገላል፤ ወገቡ እንደ ደረቀ ቆዳ አልታጠፍ ብሎታል።

«መቼ ይሻልሃል?»

«ሥራ ከጀመርኩ በኋላ። ቀስ በቀስ ይፍታታል።»

«እሁድስ፣ ስታርፍ?»

«እሁድን አያንሡብኝ፣ እትዬ። ከሁሉ የሚብስብኝ እሱ ነው።»

ሌሎቹ ሸማኔዎች እሁድን እንደ መድኃኒት ነበር የሚጠብቁት።

ሁሉንም ለዶክተሯ ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ካርዱን ማሳየትዎ ጥፋት ነው፤ ከእንግዲህ ለማንም አይታይም። ከሰዓት በኋላ መላኬ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። ይህ በሽታ ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይፍታታል» አሉ። ለወራት የሞላሁትን ካርድ ወደ ጎን አድርገው፣ አዲሱ ላይ «እሁድስ?» የሚል ጥያቄ ጨመሩ። ያን ያህል የተማረ ሰው በጽዳት ሠራተኛ ቃል ድካሙን ትቶ እንደገና ሲጀምር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ አላየሁም።

ዳና ራጅ ተነሣ፤ ያው በሽታ ሆኖ ተገኘ። እሱ ራሱ ንገሩልኝ ስላለ ከዶክተሯ ጋር ማኅበሩ ሄድን።

ሊቀመንበሩ ሳቁ። «ጓድ ዶክተር፣ ሥራ የሚፈውሰው በሽታ የት አገር ነው ያለው?»

«እዚሁ ጉለሌ» አሉ ዶክተሯ።

እኔም ዝም አላልኩም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጋቢ የሚለካው በክንድ ነው ወይስ ሸማኔው ከእንቅልፉ በተነሣበት ሰዓት?»

ሸማኔዎቹ ከየጉድጓዳቸው ሳቁ። ሊቀመንበሩ ተቆጡ፤ ቁጣው ሲበርድላቸው ግን ዳና አርፍዶ ገብቶ አምሽቶ እንዲወጣ፣ ሥራውም እንደማንም ሰው ሥራ እንዲለካ ተስማሙ።

ዳና አልዳነም። የዚያን ጊዜው መድኃኒት ሕመሙን ያስታግሥ ነበር እንጂ በሽታውን አይነቅለውም። ክሩን ግን አልተከለከለም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሲሸምን አይቼዋለሁ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይኸው ነው፦ ሰውን በሚያመው ሰዓት ሄዳችሁ ጠይቁት።