ከአልጋዬ በላይ የተሰቀለው ሞኒተር

ባጃጇ ስትገለበጥ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝናብ ዘንቦ ያባራበት ከሰዓት ነው። ከጭሮ ገበያ ወደ ሰፈራችን የሚወርደው ቁልቁለት ያዳልጣል። ሾፌሩ ምንም አልሆነም፤ እኔም ተነስቼ ልብሴን አራግፌ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ግን ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ። ሐረር ወስደው ራጅ ሲያነሱኝ የጀርባ አጥንቴ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሐኪሙ "እግርሽ ይሠራል፤ አላህን አመስግኚ" አለኝና ለወራት በጀርባዬ እንድተኛ፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ የወገብ ቀበቶ አስሬ እንድቀመጥ አዘዘኝ።

ሥራዬ የቤት ፕላን መሥራት ነው። ጭሮ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ተቀጥሬ በኮምፒውተር እስል ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው "አትቀመጪ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ዘመድ አዝማድ እየመጣ ይጠይቀኛል፣ ዱአ ያደርግልኛል፣ ይሄዳል። ከዚያ እኔና ጣሪያው እንፋጠጣለን።

የቢሮ ጓደኛዬ መሐንዲስ ናት። ከደብረ ማርቆስ ለሥራ መጥታ ጭሮን ወድዳ የቀረች ልጅ ነች። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የራሷን ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች።

"ሥራው አንቺን እየጠበቀ ነው። ቢሮ መምጣት ካልቻልሽ ቤትሽ ሆነሽ ሥሪ" አለችኝ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እናቴ ትራስ በትራስ ላይ ደራርባ ላፕቶፑን ሆዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደስታው ግን አልቆየም። ላፕቶፑ እንደ ምጣድ እየጋለ ሆዴን ይለበልበኛል። ስክሪኑን ለማየት አገጬን ደረቴ ላይ መድፋት አለብኝ፤ በዚህ ላይ ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ በቀጭን መስመር የተሣለው ግድግዳና በር አንድ ላይ ይደበላለቅብኛል። አንዷን መኝታ ቤት ሠርቼ ሳልጨርስ አንገቴ ተሳሰረ፤ ሕመሙ ወርዶ ጀርባዬ ገባ። ጓደኛዬ በሳምንቱ ስትመጣ ላፕቶፑን ዘግቼ ጎኔ አድርጌው ሳለቅስ አገኘችኝ።

"እኔ ከእንግዲህ አልሆንም" አልኳት።

"አንቺ ምን ሆንሽ? ላፕቶፕ የተሠራው ለሚቀመጥ ሰው ነው።"

"ለሚተኛ ሰው የተሠራ ኮምፒውተር የት አለ ታዲያ?"

ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቆይታ እኔ የማየውን ለማየት አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገችና ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች።

"ስክሪኑ መሆን ያለበት እዚያ ነው።"

እናቴ ሻይ ይዛ ስትገባ ነበር። "አላህ ይጠብቀን!" ብላ ትሪውን አስቀመጠች። "በልጄ ፊት ላይ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ወሬ ኮምፒውተር ሆነ። ጓደኛዬ እንደምትለው ለእኔ የሚሻለው ዴስክቶፕ ነው። ዋናው ሳጥን መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ሞኒተሩ ብቻ ከላይ ይንጠለጠላል፣ ኪቦርዱና ማውሱ እጄ ዘንድ ይሆናሉ። አጎቴ በበኩሉ "መብራት እልም ሲል ምን ልትሆን ነው? ባትሪ ያለው ይሻላታል" ይላል። እውነቱን ነው፤ እኛ ጋ መብራት መጥፋቱን ሳይሆን መቆየቱን ነው የምናወራው። ለዚህም ጓደኛዬ መልስ አላጣችም፤ መብራት ሲሄድ ሥራዬን አስቀምጬ እስክዘጋ የሚያቆይ ዩፒኤስ አብሮ ይገዛል።

አባቴ ይህን ሁሉ ክርክር በዝምታ ነው የሰማው። ዕድሜውን የጨረሰው የጫት መኪና በመንዳት ነው። ከበደሳ ጭኖ ጫቱ ሳይጠወልግ ድሬዳዋ ለመድረስ ሲበር የኖረ ሰው፣ ከአደጋዬ በኋላ ባጃጅ እንኳ መሳፈር ትቶ ነበር። በመጨረሻ "ድሬ እኔ ሄጄ እገዛለሁ" አለ።

"አባ፣ አንተ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለህ?"

"አላውቅም። አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ አያለሁ።"

በማለዳ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ከኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ በቪዲዮ ደውሎ ነው። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረች። ሳጥኑን መምረጥ አላስቸገረም። ያገለገለ ግን ደህና የሆነ፣ ለሥዕል የሚሆን ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ራሙም የሚበቃ አንድ ተገኘ። አባቴ ሻጩን ክዳኑን አስፈትቶ ውስጡን ካየ በኋላ "ሞተሩ የትኛው ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሻጩ ፕሮሰሰሩን አሳየው። አባቴም በጣም ትንሽ ስለሆነበት ተጠራጠረ።

መከራው ሞኒተሩ ላይ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ያመጣው ትልቅና የሚያብለጨልጭ ነበር። አባቴ ካሜራውን ወደ ስክሪኑ ሲያዞር የሚታየው የራሱ ፊትና ከኋላው የሚያልፈው መንገደኛ ነው።

"ይሄ መስተዋት ነው" አለ።

"ይቅር፣ አባባ" አለች ጓደኛዬ። "መስኮቷ ከአልጋው ፊት ለፊት ነው፤ ብርሃኑ ዓይኗን ያጠፋዋል። የማያንጸባርቅ ይበሉት።"

ሁለተኛው አላንጸባረቀም። ጓደኛዬ ግን "አሁን ይቀመጡና ከታች ወደ ላይ ይዩት" አለችው። አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ሱቁ መሃል ቁጢጥ አለ። ከሥር ሲታይ የስክሪኑ ቀለም ጠቁሮ ሥዕሉ ጠፋ። ሻጩ "አባባ፣ ሰው ሞኒተር ከሥር አያይም እኮ!" ሲል ይሰማናል።

"ልጄ ታያለች" አለ አባቴ፣ ቁጢጥ እንዳለ። "ተኝታ ነው የምትሠራው።"

ሻጩ ከዚያ በኋላ አልተሟገተም። ከመደርደሪያ እያወረደ፣ ሰካክቶ እያበራ፣ ራሱም ከአባቴ ጎን ቁጢጥ እያለ ከሥር ያይ ጀመር። ሦስተኛው ከየትም ቢታይ ቀለሙ አይለወጥም፤ ጀርባው ላይ ግን የብሎን ቀዳዳ ስለሌለው ማንጠልጠል አይቻልም። በመጨረሻ መካከለኛ ስፋት ያለው፣ አራት ቀዳዳ ያለው፣ ቀለል ያለ ተገኘ። አባቴ ክብደቱን ሊለካ በአንድ እጁ አንስቶ ደጋግሞ ወዘወዘው። የሚጨነቀው ስለ ክብደቱ ብቻ ነበር።

ዕቃው ቤት ሲገባ ጭንቀቱ ባሰበት። የቤታችን ኮርኒስ አምፖል ከመሸከም አያልፍም። የሰፈራችን በርና መስኮት ሠሪ በመጣ ጊዜ "ከግራና ከቀኝ ከመሬት የሚነሳ የብረት ማዕቀፍ ልሥራ" አለ። እንደ ኳስ ጎል ያለ ነገር ነው፤ አልጋዬ መሃሉ ይገባል፣ ሞኒተሩ ከአግዳሚው ሥር ፊቱን ወደ እኔ ደፍቶ ይታሰራል። ብረቱ ተበየደ፣ ብሎኑ ጠበቀ። አባቴ አግዳሚው ላይ በሁለት እጁ ተንጠለጠለ። አልበቃውም።

እኔ ቀበቶዬን አስሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሞኒተሩ በርቷል። ልተኛ ስል እጁን ዘረጋ።

"ቆይ፣ ኢንተላ ኮ" አለኝ። በኦሮምኛ "ልጄ" የሚለኝ ሆዱ ሲባባ ነው። "መጀመሪያ እኔ እተኛለሁ።"

ጫማውን አወለቀና አልጋዬ ላይ በጀርባው ተጋደመ። ሞኒተሩ ፊቱ ላይ አበራበት። እናቴ "በቃ፣ አየኸው፤ ተነስ" ብትለው "ገና ነው" አላት። እኔን መቀመጥ ሲያደክመኝ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈውልኝ ጋደም አልኩ፤ በተከፈተው በር በኩል ግን አየዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት አንስቶ የተኛ ሰው ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን እስኪባል እዚያው ነበር። አንዳንዴ ብረቱን በእጁ ገፋ ያደርጋል። ሲነሳ መጥቶ ፍራሼ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አይወድቅም" አለኝ። ወደ መኝታ ቤቱ እያየ፣ "ያ ኮርኒስ ላይ ያለው የዝናብ እድፍ ... ያንን ነው ስታዪ የከረምሽው?"

"አዎ።"

"እኔ ስጠይቅሽ ቆሜ ነው። ተኝቼ አይቼው አላውቅም።"

በማግስቱ ቀለም ገዝቶ መጥቶ ኮርኒሱን ነጭ ቀባው። ሞኒተሩ ስለሚጋርደው ከእንግዲህ ብዙም እንደማላየው ብነግረውም መቀባቱን አልተወም።

ሥራው መጀመሪያ ላይ ከባድ ነበር። ማውሱን ዳሌዬ አጠገብ ባስቀመጥነው ጣውላ ላይ አንቀሳቅሳለሁ፤ ግራና ቀኙ እስኪለየኝ ድረስ መስመሩ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ቀስ በቀስ እጄ ለመደ። ጓደኛዬ ከቢሮ ቀላል ቀላሉን ታመጣልኛለች፤ የአጥር፣ የሱቅ፣ የአንድ ክፍል። የሙሉ መኖሪያ ቤት ሥራ ግን የሰጠችኝ አንዲት የበደሳ ጫት ነጋዴ ናት፤ የምትፈልገውን በስልክ ነግራኝ ከሣልኩላት በኋላ ልታየው ቤቴ ድረስ መጣች። ፈርጠም ያለች፣ ድምፅዋ ከደጅ የሚሰማ ሴት ነች። መኝታ ቤቴ ገብታ ብረቱን፣ ሞኒተሩንና እኔን ስታይ ደነገጠች። ትታኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር።

"ቤቴ የታል?" አለችኝ።

"ከላይ ነው። ግን ከቆሙበት አይታይም፤ ስክሪኑ ወደ ታች ነው የዞረው።"

ዙሪያውን ቃኘች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ "ቢስሚላህ፣ ጠጋ በይ" ብላ ከጎኔ ተጋደመች። ሁለታችንም ወደ ላይ አየን። ሳሎኗን፣ ጓዳዋን፣ የልጆቿን ክፍል አንድ በአንድ አሳየኋት።

"ወጥ ቤቱ ለምን ከደጅ በር ራቀ?"

"ጭሱ እንግዳ ክፍል እንዳይገባ ብዬ ነው።"

"እንግዳውስ ይጭስበት። እኔ ወጥ እየሠራሁ ጫት የሚያራግፉትን ማየት አለብኝ።"

ወጥ ቤቱን ወደ ደጅ በር አመጣሁት። ተከራክረን፣ ስቀን፣ አንድ ግድግዳ አፍርሰን ሌላ ሠርተን ስንጨርስ አባቴ በሩን ከፈተ። ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተጋድመው ጣታቸውን ወደ ላይ ሲቀስሩ ሲያይ "አስተግፊሩላህ!" ብሎ መልሶ ዘጋው። ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እኔም ስስቅ ጀርባዬን አመመኝ።

ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ። ሴት ደንበኞች እየመጡ አጠገቤ ይጋደሙ ጀመር። ለወንዶቹ መፍትሔ ያመጣችው ጓደኛዬ ናት። ቢሮ ውስጥ ሥራ የፈታ አሮጌ ሞኒተር ነበር፤ አሠሪያችንን አስፈቅዳ አመጣችውና ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሽቦው በበሩ ሥር አልፎ ከኔው ኮምፒውተር ጋር ተያያዘ። ደንበኛው ሳሎን ተቀምጦ ያያል፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ እሠራለሁ፣ በተከፈተው በር እንነጋገራለን። የሞኒተሩ ቀለም የደበዘዘ ቢሆንም ግድግዳና በር ለማየት ይበቃል።

አሁን ጀርባዬ አልሐምዱሊላህ ድኗል። ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ፤ ሲደክመኝ ጋደም እላለሁ። ሞኒተሩን አውርደን ጠረጴዛ ላይ አድርገነዋል። አሠሪዬ ቢሮ እንድመለስ ጠይቆኝ ነበር፤ ቤት ሆኜ መሥራቱን መረጥኩ፣ እሱም ተስማማ። ሰዎች ኮምፒውተር ሊገዙ ሲሉ ይደውሉልኛል፤ የትኛው ይሻላል ይሉኛል። ስለ ራምና ስለ ኢንች ከመናገሬ በፊት የት ሆነው እንደሚሠሩ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ምናቸውን እንደሚያማቸው እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ጥያቄው ግራ ይገባውና ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ "ትከሻዬን ያመኛል" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ሰዓት እናወራለን።

ትናንት አንድ መምህርና ባለቤቱ መጥተው ነበር። ባልየው ሰፊ ሳሎን፣ ሚስትየዋ ሰፊ መኝታ ቤት ይፈልጋሉ፤ መሬታቸው ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ፊት ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። እናቴ ሻይ አቀረበች። እኔም ማውሱን ይዤ ከመሃል ያለውን ግድግዳ ወዲህና ወዲያ እየገፋሁ እስኪስማሙ ጠበቅኩ።