መውጫውን የሚያዩት ሽማግሌ

አላስካ ውስጥ በሽርሽር መርከብ ላይ ሾርባ አዳይ ነኝ። የበረዶው ግግር ፊት ስንደርስ ካፒቴኑ መርከቧን ቀስ እያለ ያዞራታል፤ ተሳፋሪውም በረዶው እየተሰበረ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ እንዳያመልጠው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እንደ ጉድ ይጋፋል። አንድ ሽማግሌ ግን ሁሉም ወደ ግራ ሲሮጥ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ጀርባቸውን ለበረዶው ሰጥተው የመጣንበትን ጠባብ የባሕር መግቢያ ያያሉ።

ቀዩን ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈዋል። ግንባራቸው ላይ የድንጋይ ከሰል ከቆዳ ሥር ሲቀር የሚተወው ሰማያዊ ጠባሳ አለ። የሰጠኋቸውን ሾርባ አልቀመሱትም።

«ኧረ ዙር አባዬ! ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው ውሃ ለማየት ነው እንዴ?» አለች ልጃቸው።

«አንቺ እሱን እይ። እኔ መውጫውን አያለሁ።»

«የከሰል ጉድጓድ ውስጥ እኮ አይደለህም!»

«ጣሪያው ሲንቋቋ አይሰማሽም?»

ልጅቱ ባዶውን ሰማይ እያሳየችኝ ሳቀች። ወዲያው በረዶው አጓራና ሕንጻ የሚያህል ቁራጭ ባሕሩ ውስጥ ተናደ። ሰዉ አጨበጨበ፤ «ይደገም!» ያለም ነበር።

ሽማግሌው ሾርባው እንደተደፋባቸው እንኳን አላወቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ዞረው፣ ከጉድጓድ ናዳ የተረፉትን እንደሚቆጥር ሰው፣ አንድ በአንድ በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥሩን ጀመር። ልጃቸውን ቆጠሩ፤ እኔንም ቆጠሩ። ከእኔ ቀጥሎ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነበር። ጣታቸው እዚያ ሲደርስ ቆመ።

ልጅቱ ሳቋን አቋርጣ እጃቸውን ያዘች። ጣታቸው ግን ከወንበሩ ላይ አልተነሳም።