ከድጃን ሌባ ያልኳት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሚስቴ አታውቀውም፤ በየዓመቱ ስለ ወንጀልና ከሥርዓት ስለ ማፈንገጥ የማስተምራቸው ተማሪዎቼማ ከየት ሰምተው! ዛሬ ግን አፌ አልዘጋ ብሏል። አንተ የምታነብ፣ ጆሮህን ስጠኝ። በእኔ ታፍራለህ፣ በከድጃ ግን ደስ ይልሃል።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ አንድ የስደተኛ ሰፈር ውስጥ ነበርኩ። ማንበብና መጻፍ ስለምችል የእርዳታ ማሽላ ሰፋሪ አደረጉኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ፣ የስፍር ጣሳው እጄ ላይ፤ ታዲያ እኔን ማን ይቻለኝ? ሰው በረሃብ ይረግፋል፣ እኔ ዘንጬ መታየት ያምረኛል። አንድ ቀን ግማሽ ጆንያ ማሽላ አውጥቼ ገበያ ወሰድኩና በሱሪ ለወጥኩት። በሱሪ! እግሩ ሰፊ የሆነ፣ የዘመኑ ሱሪ። ርቦኝ በልቼው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። ሕፃናት ያጡትን እህል እኔ ለበስኩት።

ጉድለቱ ታወቀና ተጠየቅሁ። ያኔ ከድጃ ትዝ አለችኝ። ከጭልጋ አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን እየጎተተች የመጣች፣ ባሏ መንገድ ላይ የቀረባት ሴት ናት። እህል በተሰፈረ ቁጥር፣ "ወንድሜ፣ ጣሳው ይሙላ እንጂ! የማንን ሆድ ልታጎድል ነው?" እያለች በሰው ፊት ታዋርደኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ አጎድል ነበር። እናም አፌን ከፈትኩ። "ከድጃ በመጋዘኑ ጀርባ ስታንዣብብ አይቻለሁ" አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ አልኩት፣ እኔ፣ በገዛ አንደበቴ!

ማስረጃ ስላልተገኘ አላሰሯትም፤ ስም ግን ወጣላት። ልጆች በዓረብኛ "ሀራሚያ! ሌባዋ!" እያሉ ይከተሏታል። የማንም ማንኪያ ሲጠፋ የእሷ ጎጆ ይበረበራል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ያንኑ ሱሪ ለብሼ፣ ከበርባሪዎቹ ጋር ቆሜ አያለሁ። ሰው ነኝ እኔ?

ኋላ የተማርኩት ንድፈ ሐሳብ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ያውቀዋል። ሰውን ሌባ፣ ሌባ ስትለው ደህናው መንገድ ሁሉ ይዘጋበታል፤ በመጨረሻ እንደ ስሙ ይሆናል ይላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ከድጃስ ምን አደረገች? የጎጆዋን የሣር በር ነቅላ ወረወረችው! ሰው ተሰብስቦ ሲያያት ወገቧን ይዛ፣ "በር የሚዘጋው ለሌባ ነው። ሌባዋ እኔ ከሆንኩ ማንን ልፍራ? ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ የፈለገ ይግባና ይይ!" አለች። አቤት ድምጿ! እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሰዉ ለቀን ሥራ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ይተም ጀመር። ዕቃ የት ተጥሎ ይኬዳል? ከትግራይ የመጣች አንዲት ጎረቤቷ አሰበችበት፤ ሰፈሩ በሙሉ ዓይኑን ተክሎ የሚውልበት ጎጆ ቢኖር የከድጃ ነው። ብርድ ልብሷንና ድስቷን አምጥታ "አደራ" አለቻት። "ሥጋ ለጅብ አደራ!" ብለን ሳቅን። ሴትዮዋ ከአጨዳ ስትመለስ ድስቱ ታጥቦ፣ ብርድ ልብሱ ፀሐይ ሞቆ ጠበቃት። በሚቀጥለው አጨዳ የሳቁት ሁሉ ጓዛቸውን ተሸክመው ተሰለፉ። የሙሽራ ጌጥ ሳይቀር በር በሌለው ጎጆ ውስጥ ከረመ፤ መርፌ አልጎደለም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ! እኔስ? እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ሄድኩላት። ዓይን ዓይኔን አየችኝና ተቀበለችኝ።

ዛሬ ገዳሪፍ ገበያ መሃል ሱቅ አላት። ወደ አገር ቤት የሚሻገር ሁሉ ዕቃውን እሷ ዘንድ አስቀምጦ ነው የሚሄደው። ያንን ንድፈ ሐሳብ ድባቅ መታችው! እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ስሟን ሳልጠራ ታሪኳን ለተማሪዎቼ አወራለሁ፤ ድምፄ ከፍ ይላል። የራሴን ድርሻ ግን ዘልዬው አልፋለሁ።

ለራሴ የሚሆን ንድፈ ሐሳብም አላጣሁም። አንዱ፣ ምኞት በዝቶ መንገድ ሲጠብ ሰው ያፈነግጣል ይላል። ሌላው፣ አጥፊ ለጥፋቱ ምክንያት አያጣም ይላል። ይሄኛው እኔን ያውቀኛል። ሰይጣንም አንዳንዴ፣ "አንተ ስሟን ባታጠፋ ይህን ያህል ትከበር ነበር?" ይለኛል። ወግድ! በሩን የነቀለችው እሷ ናት። በድሏ ውስጥ የእኔ ጣት የለበትም።

ባለፈው ክረምት ገዳሪፍ ሄጄ ሱቋ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንድ የጥንት ስደተኛ ሲያሞግሳት ሰማሁ። "ድሮ እጇ አያርፍም ነበር። አላህ መለሳት፣ ይኸው የሰው መከታ ሆነች" አለ። ስኳር እየመዘነች ነበር። ሰማች፤ ቀና አላለችም። ይህን ሁሉ ዘመን አሸንፋ፣ ድሏን እንኳ የተመለሰች ሌባ ድል አደረጉባት! እኔም በዚህ ሽበቴ ደግሜ ዝም አልኩ።

እታለም ከድጃ፣ ይህን ጽሑፍ ሱቅሽ ውስጥ፣ ገበያተኛው በሞላበት፣ እኔው ራሴ አነበዋለሁ። ይቅር ማለት አለማለት ያንቺ ነው፤ አልጠይቅሽም። ገበያው ግን ይስማ፦ ከድጃ ከስርቆት አልተመለሰችም፤ መቼም ሄዳበት አታውቅምና። ሌባው እኔ ነበርኩ።