የፀሐይ መከለያ ነዳፊዋ

ሰብለወንጌል የምትሠራበት የሐይቅ ከተማ ቢሮ ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው። የጠዋቱ ፀሐይ ዓይን ስለሚወጋ፣ ሠራተኞቹ መጋረጃ ዘግተው በቀን አምፖል ያበራሉ። ለመስኮቶቹ የፀሐይ መከለያ እንድትነድፍ የተጠራችው ሴት ግን ሕንፃውን ከማየቷ በፊት በየሠራተኛው ወንበር ተራ በተራ ቁጭ አለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ የካኪ ኮቷ ኪስ በካርቶን ቁራጭ ተወጥሯል።

«መስታወቱን በጥቁር ላስቲክ ቢሸፍኑልን አይገላግለንም?» አለቻት ሰብለወንጌል።

«ኧረ እህቴ፣ ሙቀቱን እንጂ ብርሃኑንማ ለምን እናባርራለን!»

«ይሄን ሙያ እንዴት መረጡት?»

ሴትዮዋ አንዱን ካርቶን አገላበጠች። «እናቴ ዓይኗን ታማ ብርሃን አይስማማትም ነበር። ቤታችን ቀን ቀን በሩ አይከፈትም ነበር።» ካርቶኑን ወደ ኪሷ መለሰች።

በማግስቱ አናጢው ለሙከራ ከአንዱ መስኮት ውጪ ዘንበል ያሉ ሳንቃዎች ሰቀለ። መጋረጃው ሲገለጥ ብርሃኑ ኮርኒሱን ነክቶ ለስልሶ ወረደ፤ በሳንቃዎቹ መካከል ሐይቁ ታየ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተንጋጋ። ሴትዮዋ ግን የሰብለወንጌልን ፊት ትኩር ብላ ታይ ነበር።

«አሁንስ ዓይንሽን አላመመሽም?»

«ኧረ ምንም!»

«እሰይ» አለች ሴትዮዋ፤ አነጋገሯ ግን ሰብለወንጌልን አልፎ ሌላ ሰው የሚያጽናና ይመስል ነበር።